ተቆርጦ የደረሰ ንግግር፦ ከጃካርታው ቪዲዮ እስከ መድረሳው ክፍል (የጉዳይ ጥናት)

ሜይ 24 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ማታ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ በጃካርታ ልጆች ችቦ ይዘው ወጡ። ረመዳንን በችቦ ሰልፍ መቀበል በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ ለልጆች የደስታ ምሽት ነው። በዚያ ምሽት በስልክ ከተቀረጹት ምስሎች በአንዱ ላይ ግን ልጆቹ በዜማ «አሆክን ግደሉት፣ አሁኑኑ ግደሉት» ሲሉ ተሰሙ። ቪዲዮው አገሩን አዳረሰ፤ ፖሊስም ጉዳዩን መመርመር ጀመረ። አሆክ የተባሉት፣ የከተማዋ ገዥ የነበሩት ሰው፣ በዚያ ምሽት እስር ቤት ከገቡ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል።

በኢንዶኔዥያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የእስልምና ትምህርት «ተሳሙህ»ን፣ ማለትም መቻቻልን፣ በርዕስነት ይዟል። ያንን ዜማ ለልጆች ያስተማረ መማሪያ መጽሐፍ የለም። ታዲያ ከየት መጣ? መንገዱን ወደ ኋላ ስንከተለው የሚያደርሰን አንድ የጥላቻ ሰባኪ ዘንድ ሳይሆን አንዲት የተዘለለች ቃል ላይ ነው። ለመምህር ደግሞ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ስለ ተዘለለች ቃል ማስተማር ይቻላልና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠላሳ ሰከንድ

አሆክ በሚል ቅጽል የሚታወቁት ባሱኪ ቻሃያ ፑርናማ የዘር ሐረጋቸው ከቻይና የሚመዘዝ ክርስቲያን ናቸው። የጃካርታ ገዥ የነበሩት ጆኮ ዊዶዶ በ2014 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በገዥነቱ ምክትላቸው የነበሩት አሆክ ቦታውን ወረሱ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2016፣ ምርጫው አምስት ወር ገደማ ሲቀረው፣ ከጃካርታ በስተሰሜን ወዳሉት ሺህ ደሴቶች ሄደው ስለ ዓሣ እርባታ ለነዋሪው ተናገሩ። ዝግጅቱ ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በላይ የፈጀ ነው። በመሐል ወደ ምርጫው ገቡና ሙስሊም ያልሆነ መሪ አትምረጡ ለማለት ከቁርኣን ሱራዎች (ምዕራፎች) የአንዱን፣ የሱረቱል ማኢዳን፣ አንቀጽ 51 የሚጠቅሱ ሰዎችን አነሱ። ከአፋቸው የወጣው «ዲቦሆንጊ ፓካይ ሱራት አል-ማኢዳ 51» የሚል ነው። «ዲቦሆንጊ» መታለልን ይናገራል፤ «ፓካይ» ማለት «ተጠቅሞ» ማለት ነው፤ በአማርኛ «በ» የምትባለው ፊደል የምትሠራውን ሥራ ይሠራል።

የከተማው አስተዳደር ንግግሩን ሙሉውን ዩቱዩብ ላይ ጫነው። ዘጠኝ ቀን ያህል አገር አልታወከም። ኦክቶበር 6 አንድ የኮሙኒኬሽን መምህር 30 ሰከንድ ያህል ቁራጩን በፌስቡክ ገጹ ለጠፈ፤ ንግግሩን በጽሑፍ ሲያሰፍረው «ፓካይ» የለችም። ከላይ «ሃይማኖትን ማንቋሸሽ?» ብሎ ጥያቄ አኖረ፤ ከዚህ ቪዲዮ ጥሩ ያልሆነ ነገር ሳይከተል አይቀርም የሚል ሐሳብም ጨመረበት።

በአማርኛ ብናስቀምጠው ልዩነቱ ዓይን ይወጋል። «በአል-ማኢዳ 51 አታለሏችሁ» ያለ ሰው የከሰሰው አንቀጹን ጠቃሾቹን ነው። «በ»ን አውጥተን «አል-ማኢዳ 51 አታለላችሁ» ስንለው የተከሰሰው ቁርኣን ሆነ። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብቻ ነው፤ ግሡ ተከትሏት ይዞራል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሮጠ። አሆክ ኦክቶበር 10 ይቅርታ ጠየቁ። በማግስቱ የኢንዶኔዥያ ዑለማ (የእስልምና ሊቃውንት) ምክር ቤት ንግግሩ ቁርኣንንም ዑለማንም የሚሰድብ ነው የሚል አቋም አወጣ። ኖቬምበር 4 ትልቅ ሰልፍ ወጣ፤ ሲመሽ ወደ ሁከት ተለወጠ። ዲሴምበር 2 ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በከተማዋ መሐል ተሰበሰበ፤ ይኸኛው በሰላም አለቀ። አሆክ ኤፕሪል 19 ቀን 2017 በሁለተኛው ዙር ምርጫ ተሸነፉ፤ ሜይ 9 የሰሜን ጃካርታ ፍርድ ቤት 2 ዓመት ፈረደባቸው። ቁራጩን የለጠፈው መምህርም አልቀረለትም፤ ኖቬምበር 14 ቀን 2017 የባንዱንግ ፍርድ ቤት በኤሌክትሮኒክ መረጃ ሕጉ መሠረት 1 ዓመት ከ6 ወር ፈረደበት።

እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪ የሚሰናከልበት ድንጋይ አለ። «ፓካይ» ወደ ቦታዋ ብትመለስም ክርክሩ አልቆመም። ሙሉውን ንግግር የሰሙ ዑለማ መካከል ሳይቀር «አንቀጹን የሚያስተምሩትን አታላዮች ማለት ራሱ ስድብ ነው» ያሉ አሉ፤ የለም ያሉም አሉ። ስለዚህ የዚህ ጉዳይ ትምህርት «ሰውየው ንጹሕ ነበሩ» የሚል አይደለም። ሰዎች በትክክል በተባለው ነገር ላይ ይከራከሩ፣ ባልተባለው ላይ አይደለም፤ ይኸው ነው። መምህሩ ከዚህ አልፎ ፈራጅ ልሁን ካለ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፣ ትምህርቱም እዚያው ያበቃል።

የተቆረጠው አንቀጽ

ንግግሩ ብቻ አልነበረም የተቆረጠው። አንቀጽ 51ም ከሱራው ተነጥሎ ነበር ከስልክ ስልክ የሚዞረው። አንቀጹ አማኞች አይሁዶችንና ክርስቲያኖችን «አውሊያእ» አድርገው እንዳይይዙ ይናገራል። አውሊያእ ሰፊ የዐረብኛ ቃል ነው፤ ወዳጅ፣ አጋር፣ ረዳት፣ ጠባቂ፣ የበላይ ሁሉ በውስጡ አለ። በአማርኛው የቁርኣን ትርጉም «ረዳቶች» ተብሎ ነው የምናውቀው። የኢንዶኔዥያ የሃይማኖት ሚኒስቴር ቀድሞ ያሳተመው ትርጉም «መሪዎች» ብሎት ነበር፤ ተሻሽሎ የወጣው ደግሞ «ታማኝ ወዳጆች» አለው። በ2016ቱ ግርግር መሐል የተሻሻለው እትም ገጽ ፎቶ እየተነሣ «ለምርጫ ሲባል ቁርኣን ተበረዘ» ተብሎ ተሰራጨ። ሚኒስቴሩ ማሻሻያው ከ1998 እስከ 2002 የተሠራ መሆኑን አስረዳ፤ ከምርጫው 14 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ፎቶው እውነተኛ ነው፣ ገጹም እውነተኛ ነው፣ ውሸቱ ቀኑ ላይ ነበር። ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ የማታለያ ዓይነት ይኸውላችሁ፤ ምንም ሳይቆረጥ ጊዜው ብቻ ይቀየራል።

ሙፈሲሮች (የቁርኣን አብራሪ ሊቃውንት) አንቀጹ የወረደበትን ምክንያት ሲያትቱ መዲና ውስጥ ስለነበረ የጦር ቃል ኪዳን ያነሳሉ። ዑባዳ ኢብኑ ሳሚት ከቀድሞ አጋሮቹ ጋር የነበረውን ውል ሲያፈርስ፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡበይ «የጊዜ መገለባበጥ እፈራለሁ» ብሎ ውሉን እንደያዘ ቀረ ይባላል። ሌሎች ዘገባዎችም አሉ። ለ11 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚበቃው አንድ ነገር ነው፦ አንቀጹ የተነገረው ለአንድ ዐይነት ሁኔታ ነው፣ ሁኔታውን ደግሞ ዑለማ መዝግበውታል።

ወደዚያው ሱራ እንመለስ። አንቀጽ 5 የመጽሐፉ ሰዎች (የአይሁዶችና የክርስቲያኖች) ምግብ ለሙስሊሞች የተፈቀደ መሆኑን ይናገራል። አንቀጽ 8 ሕዝብን መጥላት ፍትሕን ወደ መተው እንዳይገፋን ያዛል። አንቀጽ 82 በፍቅር ለአማኞች ቅርብ የሆኑት «እኛ ክርስቲያኖች ነን» የሚሉት መሆናቸውን ይናገራል፤ ብዙ ሙፈሲር ይህን ከሐበሻው ንጉሥ ከነጃሺና ከባልደረቦቹ ጋር ያያይዘዋል። አማርኛ ለሚናገር የመድረሳ ልጅ ነጃሺ የሩቅ ታሪክ አይደለምና መምህሩ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አያገኝም። አራቱም አንቀጾች በአንድ ሱራ ውስጥ ናቸው። 51ን ከቴሌግራም የለቀመ ልጅ ግን ሦስቱን አላገኛቸውም።

51ን መደበቅም መፍትሔ አይሆንም። «ለልጆች ይከብዳል» ተብሎ የተዘለለ አንቀጽ በአሥር ሰከንድ ፍለጋ ይገኛል፤ ልጁም ብቻውን፣ ያለ ተፍሲር (ማብራሪያ)፣ ምናልባትም ከሚጮህ ድምፅ ጋር ያገኘዋል። ያን ጊዜ ኡስታዙ ደብቆኝ ነበር ብሎ ይደመድማል። ልጅ በመምህሩ ላይ ያለው አመኔታ አንዴ ከተሸረሸረ በቀላሉ አይመለስም።

ልጆች ጋ የደረሰበት መንገድ

ልጆቹ የራሳቸው የፌስቡክ ገጽ አላስፈለጋቸውም። ቁራጩ በቤተሰብ የዋትስአፕ ቡድን ገባ፤ ስልኩ ደግሞ እናት ወጥ ስታወጣ ልጅ እጅ ላይ ነው። ከመስጊድ ደጃፍም ደረሰ፤ በ2017 መጀመሪያ ለአሆክ ድምፅ የሰጠ ሰው የጀናዛ (የቀብር) ሶላት አይሰገድበትም የሚሉ ባነሮች በአንዳንድ የጃካርታ መስጊዶች ተሰቅለው ነበር፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ያነባቸዋል። ሰልፉም ላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ነበሩ። ስለዚህ የችቦው ምሽት ዜማ ሲወጣ ልጆቹ ስምንት ወር ያህል ሲሰሙት የከረሙትን ነው ያሰሙት።

የጃካርታው መንግሥታዊ የእስልምና ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል በ2017 ተማሪዎችንና መምህራንን ያካተተ አገር አቀፍ ጥናት አድርጎ ነበር። ኢንተርኔት ከማያገኙት ተማሪዎች ይልቅ የሚያገኙት የበለጠ ያልተቻቻለ አመለካከት አሳይተዋል፤ የሚያገኙት ደግሞ ከመቶ 85 ያህል ናቸው። ኢንተርኔት ይዘጋ የሚል መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም፤ ሊዘጋም አይችልም።

የዑለማ ምክር ቤቱ በበኩሉ በዚያው በ2017 ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ቁጥር 24 የሆነውን ፈትዋ (የሃይማኖት ብያኔ) አወጣ። ሐሜትን፣ ነገር ማመላለስን፣ ያልተጣራ ወሬ ማሰራጨትን ሐራም ይላል፤ ይፋ የሆነው ጁን 5፣ ማለትም ከችቦው ምሽት 12 ቀን በኋላ ነው። ጥሩ ፈትዋ ነው። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ማለት ቀላል ነው፤ ይሁንና ፈትዋ ለአዋቂ ነው የሚነገረው፣ ልጅ የሚያስፈልገው ልምምድ ነው።

የተለመደው ትምህርት ለምን አይደርስም

አብዛኛው የመቻቻል ትምህርት የሚጠይቀው «ጎረቤትህን ትወዳለህ?» ብሎ ነው። ልጁም «አዎ» ይላል፣ እጁን ያወጣል፣ ያጨበጭባል። ቁራጭ ቪዲዮው ግን የሚነግረው ሌላ ነው፦ «ቁርኣንህ ተሰደበ።» ልጁ በዚያ ሰዓት ጥላቻ ውስጥ የገባ አይመስለውም፤ ዲኑን የሚከላከል ነው የሚመስለው። ቁጣው ከክፉ ልብ ሳይሆን ከታማኝነት ነው የሚነሣው። ስለዚህ ስለ ፍቅር የተማረው ትዝ አይለውም፤ ጥያቄው ስለ ፍቅር አልነበረማ።

የኢንዶኔዥያ መንግሥት ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2019 «የሃይማኖት ልከኝነት» የሚል መርሐ ግብር አስተዋወቀ። አራት መለኪያ አለው፦ ለአገር መታመን፣ መቻቻል፣ ዓመፅን መቃወም፣ የአካባቢን ባህል ማክበር። በ2023 በፕሬዚዳንታዊ ደንብ ቁጥር 58 ተጠናክሯል። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አራቱም ዝንባሌን ይለካሉ፤ በተቆረጠ ንግግር ፊት የሚያስፈልገው ሙያ ነው። ሙያው ደግሞ መድረሳ ውስጥ ከጥንት አለ፣ ስሙም ወቅፍ፣ ኢስናድና ሰበበ ኑዙል ነው።

ወቅፍ የት እንደሚቆም ማወቅ ነው። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ሁሉ «ፈወይሉን ሊል ሙሶሊን» ብሎ ማቆም እንደማይገባ ተነግሮታል፤ «ወዮላቸው ለሰጋጆች» ብሎ የቆመ ሰው ሶላትን ኮነነ። ቀጣዩ አንቀጽ ነው ከሶላታቸው የሚዘናጉትን ለይቶ የሚያወጣቸው። «ሶላትን አትቅረቡ» ብሎ «ሰክራችሁ ሳላችሁ» የሚለውን መተውም እንዲሁ ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ የተቆረጠ ቪዲዮ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማገናኘት ብቻ ነው የቀረው። ኢስናድ ወሬው በማን በኩል እንደመጣ መጠየቅ ነው። ሰበበ ኑዙል ለምን፣ ለማን፣ መቼ ተባለ የሚለው ነው። ከውጭ የመጣ የሚዲያ ሥልጠና ከሚያስተምረው የጎደለ ነገር የለባቸውም፤ ልጁም «የኔ ነው» ብሎ ይቀበላቸዋል።

ስድስት ክፍለ ጊዜ

ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉ 24 ልጆች የሚሆን አደረጃጀት ይህን ይመስላል። አምስቱ 40 ደቂቃ፣ የመጨረሻው 90 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አንድ። ስልክ አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ መቀስና ገመድ ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን ሱረቱል ማዑን ይቀራል፤ መምህሩ ሆን ብሎ አንቀጽ 4 ላይ፣ ማለትም «ወዮላቸው ለሰጋጆች» በሚለው ላይ፣ ይቆማል። ልጆቹ ይስቃሉ ወይም ያርማሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የአራት ሰው ቡድን አራት ተራ ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ይሰጣሉ፦ «ሳታስፈቅዱ አትግቡ»፣ «አሕመድ ወንድሙን በኳስ መታው» የመሰሉ። ልጆቹ ራሳቸው በመቀስ ቆርጠው ትርጉሙን ያበላሹታል፣ ቁራጩን ለጎረቤት ቡድን ይሰጣሉ፣ ያኛው ሙሉውን ይገምታል። በገዛ እጁ ያታለለ ልጅ ማታለያውን ቶሎ ይለያል። የክፍሉን ልጆች ስም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ ካልተከለከለ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሚያለቅስ ይኖራል።

ሁለተኛው ቀን የኢስናድ ነው። በወረቀት የታተመ ተላላፊ መልእክት ይሰጥና ልጁ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ይስላል። በየቀለበቱ ላይ ከሦስት አንዱን ይጽፋል፦ አይቷል፣ ሰምቷል፣ አስተላልፏል። ብዙ ጊዜ «አይቷል» የሚባል አንድም አይገኝም። የመጣን ወሬ አጣሩ የሚለው ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 እና ኢማም ሙስሊም የዘገቡት «ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ለውሸት ይበቃዋል» የሚለው ሐዲስ እዚህ ይገባሉ። ለቤት የሚሰጠው ደንብ አንድ ነው፦ ያስቆጣህን ነገር አንድ ሶላት ሳያልፍ አታስተላልፍ። ከዒሻእ (ከማታው ሶላት) በኋላ የመጣ እስከ ፈጅር (እስከ ንጋቱ ሶላት) ያድራል። ደንቡ የሚሠራው ሰዓት ስለሚቆጥር ብቻ አይደለም፤ ልጁ በመሐል ውዱእ አድርጎ፣ ሰግዶ፣ በርዶ ስለሚመለስ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ለሱረቱል ማኢዳ ናቸው። አራት ካርድ፣ በአንድ በኩል ዐረብኛው፣ በሌላው ትርጉሙ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ 8፣ ቀጥሎ 51 ከሰበቡ ጋር፣ ከዚያ 5 እና 82። በ82 ከተጀመረ 51 ሲመጣ ልጆቹ «ታዲያ የትኛው ነው?» ይላሉ፣ ሱራው ራሱን የሚቃረን ይመስላቸዋል። በ8 ከተጀመረ ግን ሚዛኑ ቀድሞ በእጃቸው ነው፤ ፍትሕ ለምንወደውም ለማንወደውም ነውና።

በአምስተኛው የጃካርታው ጉዳይ ይመጣል። ቪዲዮው አይታይም። ለግማሹ ክፍል ቃሉ ያለበት ጽሑፍ፣ ለግማሹ የሌለበት ይሰጣል፤ መለያየታቸው አይነገራቸውም። ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር «ተናጋሪው ማንን ከሰሰ?» የሚለውን ይመልሳል። ሲያነቡ ይጋጫሉ፣ መጮህ ይጀመራል፣ ከዚያ ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርገው ቃሏን ያገኟታል። መምህሩ ቀድሞ ከነገራቸው ሁሉም ነገር ይበላሻል። ቀጥሎ በገመድ ላይ ቀኖቹ ይንጠለጠላሉ፦ ሴፕቴምበር 27፣ ኦክቶበር 6፣ ኖቬምበር 4፣ ዲሴምበር 2፣ ሜይ 9። የችቦው ምሽት ለ12 ዓመቶቹ ይነገራል፣ ለታናናሾቹ ይቀራል።

የመጨረሻው ከክርስቲያን ልጆች ጋር ነው፤ 12 ከዚህ፣ 12 ከዚያ፣ በስድስት ጠረጴዛ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሆነው። ስለ እምነት ጉባኤ አይደለም። እያንዳንዱ ወገን ስለ ራሱ ሃይማኖት ተቆርጠው የሚወሩ ሦስት ነገሮችን ይዞ ይመጣል፤ ሌላኛው ወገን ሙሉውን ለማግኘት ይሞክራል፣ ባለቤቶቹ ያርማሉ። ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፦ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ያልሆነ ቦታ፣ የሁለቱንም የጾም ወራት ያልነካ ቀን። መስተንግዶው ፍራፍሬና ውሃ ይሁን፤ ሥጋ የገባበት ምግብ የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ ያመጣል፣ ቀኑም በዚያ ይበላል። አነጋገሩም ደንብ አለው፦ «እኛ እንዲህ እናምናለን» ይባላል፣ «እናንተ እንዲህ ታምናላችሁ» አይባልም። ሃይማኖቶች ሁሉ አንድ ናቸው የሚል ንግግር ከመምህሩ እንዳይወጣ። ወላጅ ልጁን የሚያስቀርበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፣ ትክክልም ነው፤ «ለእናንተ ሃይማኖታችሁ፣ ለእኔም ሃይማኖቴ» የሚለው አንቀጽ ልዩነቱን ሳይሰርዝ ነው አብሮ የሚያኖረው።

የሚበላሽበት

ከሁሉ የሚከፋው ማጣራቱ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ነው። ልጆቹ እኛን የሚያስከፋንን ብቻ ያጣራሉ፣ ሌላውን የሚያስከፋውን ሳያጣሩ ይስቁበታል። ስለዚህ ለልምምድ የሚቀርቡት ስምንት ነገሮች ተቆጥረው ይመረጡ፦ ሦስቱ በሌሎች ላይ የተነገረ ውሸት፣ ሁለቱ በሙስሊሞች ላይ የተነገረ ውሸት፣ ሁለቱ የሚያምሙ ግን እውነት፣ አንዱ ሊወሰን የማይችል። እውነቶቹ ከቀሩ ልጁ «ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ ያርፈዋል፤ ይህም ሌላ በሽታ ነው፣ በእውነት የተበደለ ሰው ሲመጣም አያምነውም።

ልጁ ቤት ሄዶ በቤተሰቡ ቡድን ላይ «አያቴ የላከችው ውሸት ነው» ብሎ መጻፉም አይቀርም። አያትም ታፍራለች፣ አባትም ይቆጣል፣ በማግስቱ መድረሳው ይወቀሳል። የሚነገረው ነገር ቀድሞ ይለማመዱት፦ በቡድኑ ላይ ሳይሆን ለብቻ፣ «አያቴ፣ ይሄን ማነው የላከልሽ? ሙሉውን ላገኝልሽ?» ብሎ። ልጅ ታላቁን የሚያርመው በጥያቄ ነው።

ትኩስ ጉዳይም አይነካም። አካባቢው በአንድ ነገር እየነደደ ሳለ ያንኑ ነገር ክፍል ውስጥ ይዞ መግባት እሳት ላይ ቅቤ ነው፤ የሩቅ ጉዳይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ጃካርታን በስም የማያውቅ ልጅ «ፓካይ»ን ያለ ቁጣ ይፈልጋታል።

መምህሩ ራሱ ያላመነበትም ያጋጥማል። ያው የምርምር ማዕከል በ2018 ባደረገው የሙስሊም መምህራን ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያልተቻቻለ አመለካከት ነበራቸው። እንዲህ ያለው መምህር ስለ ፍቅር እንዲሰብክ ሲገደድ ልጆች ድምፁን ሰምተው ያውቁበታል። ወቅፍን እንዲያስተምር ሲጠየቅ ግን አይቃወምም፤ ሙያው ነው። ብዙ ጊዜ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይማራል፣ ባይማርም ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ትምህርቱ መያዙ የሚታየው በስድስተኛው ሳምንት ሳይሆን ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። መምህሩ ምንም ሳያስጠነቅቅ፣ በሌላ ትምህርት መሐል፣ አዲስ ቁራጭ ጽሑፍ ያነብላቸዋል፤ የሚያናድድ ይሁን። ከዚያ ዝም ብሎ ይቆጥራል፦ ከ24ቱ ስንቱ አስተያየት ከመስጠቱ በፊት «ቀጣዩ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ? አምስት ከሆኑ ወቅፉ እንደገና ይሠራል። አሥራ አምስት ከሆኑ ደግሞ ሌሎቹ ዘጠኙ ከጠያቂዎቹ አጠገብ ይቀመጡ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመምህር ይልቅ ከጓደኛ ይጋባል።